እትዬ ዘነቡ የቀቡኝ ዱቄት

«ጀርባሽን ምን ቀባሽው?» አለችኝ ዛሬ ጠዋት ዶክተሯ፣ ፋሻውን ስትፈታ።

ለማታውቁ፣ ቆዳዬ ውሃ ይቋጥራል። ሰውነቴ የገዛ ቆዳዬን እንደ ጠላት ቆጥሮ የሚያጠቃበት በሽታ ነው። ወደ ሰው አይተላለፍም። መድኃኒቱ ደግሞ በሽታ የመከላከል አቅሜን ስለሚያዳክም፣ የፈነዳው ቁስል ቶሎ ባክቴሪያ ይገባበታል።

ይህን ለእትዬ ዘነቡ ስንቴ አስረዳኋቸው! መርካቶ፣ ጎጃም በረንዳ ሱቃችን ጎን ለጎን ነው፤ እሳቸው ቅመም፣ እኔ ጆንያና ገመድ እንሸጣለን። «ይህ በሽታ አልማዝ ባለጭራ ነው፣ እኔ አውቀዋለሁ» ብለው ከአገር ቤት ሁለት ብልቃጥ የመድኃኒት ዱቄት አስመጡልኝ። (ሐኪም ለመለየት ስንት ወር የለፋበትን በሽታ መርካቶ በአንድ እይታ ትጨርሰዋለች።)

እምቢ ማለት ይሉኝታ ያዘኝ። ባለፈው ሳምንት ከሱቄ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጬ፣ ዱቄቱን በቅቤ ለውሰው ጀርባዬን ቀቡኝ። በሦስተኛው ቀን ቁስሉ መግል ቋጠረ፣ ትኩሳቱም አልጋ ላይ ጣለኝ።

ዛሬ አንቲባዮቲኬን ይዤ ስመጣ፣ እትዬ የራሳቸውን ሱቅ ዘግተው የእኔ ሱቅ ውስጥ ገመድ ሲለኩ አገኘኋቸው። በተኛሁባቸው ቀናት ሁሉ እንዲህ ሲሸጡልኝ ነው የከረሙት።

«ተሻለሽ አይደል?» አሉኝ።

ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። «ተሻለኝ፣ እትዬ» አልኩ።

«አላልኩሽም!» ብለው ሁለተኛውን ብልቃጥ ከመቀነታቸው ፈተው ሰጡኝ።

ደክሞኛል። እናንተ የሚወዳችሁን ሰው እጅ እንዴት ነው የምትመልሱት? ቶሎ ንገሩኝ፤ ሴትዮዋ ሊቀቡኝ እጃቸውን እየታጠቡ ነው።