ቦሰና የጠቀሰችው ምንጭ

ቦሰናን ዓለም ገና ከተማ ላይ የሚያውቃት ሁሉ የሚያውቃት በሩጫዋ ነው። ደብተሯን በፌስታል ጠቅልላ ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ ወይ ወደ ሥራ ወይ ከሥራ ትሮጣለች። ከሆሳዕና አካባቢ አንድ ሻንጣና አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ይዛ ከመጣች አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። አሥራ ሁለቱንም ዓመት ሰበታ ውስጥ አንድ የክር ፋብሪካ ፈተላ ክፍል ቆማለች። ቆማለች ስል መቆም ነው፤ እዚያ ወንበር የሚባል ነገር የለም። ከሥራ ስትወጣ ቅንድቧ በጥጥ ብናኝ ነጭ ሆኖ ሲያዩት የባጃጅ ልጆች "እማማ ቦሰና፣ እንዴት ዋሉ?" እያሉ ያሾፉባታል። ገና ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው እኮ! ይህ ሁሉ አልበቃ ብሏት ቅዳሜና እሁድ አንድ የግል ኮሌጅ ማኔጅመንት ትማራለች። ዘንድሮ የመጨረሻ ዓመቷ ነበር፤ የቀራት የመመረቂያ ጥናት ብቻ።

ርዕስ ለመምረጥ አንድ ደቂቃም አልፈጀባት። ኤልሳቤት ነበረቻ! ኤልሳቤት ያገሯ ልጅ ናት፤ በአንድ ሳምንት ተቀጥረው፣ ማሽናቸው ጎን ለጎን ነበር፤ ዛሬም አንዲት ክፍል ተከራይተው አብረው ይኖራሉ። ከሁለት ዓመት በፊት ሳል አላስቆም አላስቀምጥ ሲላት ከሥራ ቀረች። ፋብሪካው "በሽታውን ካገሯ ይዛው ነው የመጣችው" አለ። ይዛው መጣች! ስትመጣ የመዘምራን መሪ የነበረች፣ ድምጿ ከአጥር ውጭ የሚሰማ ልጅ! አሁን ከአልጋዋ እስከ በሩ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ታርፋለች።

ቦሰና ጥናቷን በብናኙና በሠራተኛው ሳል ላይ ልትሠራ መሆኑን ስትነግራት ኤልሳቤት ከትራሷ ቀና አለች።

"እባክሽ ቦሲ፣ ከብናኙ እንደሆነ አንድ ሰው እንኳ ይጻፍልኝ። ስሜ ይቅር፣ ብቻ ይጻፍ።"

"በጌታ ስም እጽፈዋለሁ" አለች ቦሰና። ቃል ገባች ማለት ነው።

የመጀመሪያውን ረቂቅ በሦስት ሳምንት ጨርሳ ለአማካሪዋ ለመምህር ኢተፋ ሰጠች። ሰውየው ቀይ እስክሪብቶውን ይዞ ጠራት።

"ነይ ቦሰና፣ ተቀመጪ እስቲ። 'የፈተላ ሠራተኞች አብዛኞቹ ይስላሉ' ብለሻል። ማን አለ?"

"እኔ ነኛ መምህር! አሥራ ሁለት ዓመት እዚያው ነኝ።"

"አንቺ አጥኚ ነሽ እንጂ ምንጭ አይደለሽም።" ገጽ ገለጠ። "'ሳሉ የሚብሰው ከዕረፍት መልስ፣ ሰኞ ሰኞ ነው' ይላል። ይሄንንስ?"

"ኤልሳቤት ናት የነገረችኝ።"

"ኤልሳቤት ማናት?"

"አብራኝ የምትኖር ጓደኛዬ።"

መምህር ኢተፋ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ዓረፍተ ነገሩን በቀይ ከበበው። ከፌስቡክ የወሰደችውንም ከበበ። ከህንድ አገር ጥናት የጠቀሰችውን ግን ተወላት፤ ጎኑ ላይ "ጥሩ ነው፣ የሰበታውስ?" ብሎ ጻፈበት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ልሸሽገው አልችልም። "ሰው ሊፈትሸው የሚችለውን አምጪ" አላት። "ወይ ራስሽ መረጃ ሰብስቢ፣ ወይ ታትሞ የወጣ፣ ባለሙያ የገመገመው ጥናት ፈልጊ።"

ቦሰና ሁለቱንም አደረገች። ከኮሌጁ የትብብር ደብዳቤ አጽፋ ፋብሪካው ቢሮ አስገባች፤ ለሁለት ሳምንት "ነገ ነይ" ሲሏት ሰነበቱና ተፈቀደላት። ግን መጠይቁን የሚያድለውም የሚሰበስበውም የሽፍት አለቃው ነው ተባለ። ስልሳ ወረቀት ገባ፣ ስልሳ ወረቀት ተመለሰ። "ሳል አለብዎት?" የለም። "ደረትዎን ይይዝዎታል?" አይይዘኝም። ስልሳውም! ከእነዚህ አንዷ አዲስ የተቀጠረችው ሐኒ ነበረች፤ ከቦሰና ቀጥሎ ባለው ማሽን ላይ ቀኑን ሙሉ ስትስል የምትውል ልጅ።

"ሐኒዬ፣ አንቺ እኮ ትስያለሽ" አለቻት ምሳ ሰዓት ላይ።

"ኧረ እህቴ፣ ጉንፋን ነው!" አለች ሐኒ፤ አለቃው የት እንደቆመ አየት አደረገችና ሻሿን አፏ ላይ ሳበች። ቦሰና ልትቆጣት አፏን ከፍታ ተወችው።

የቀረው የታተመ ጥናት ነበር። እንግሊዝኛው ስለሚከብዳት ፎቶ ኮፒና ኢንተርኔት ቤት ያለውን ዛኪርን ለመነችው። ዛኪር ደንበኛ ሲበዛበት ይነጫነጫል እንጂ ልቡ ደግ ነው። በአራተኛው ቀን ከመንገድ ማዶ ጠራት።

"ቦሰና! እልል በይ፣ ተገኘልሽ! ሰበታ፣ ክር ፋብሪካ፣ ሳል፣ ሁሉም አለበት። ደግሞ አሥራ አንድ ሌላ ጥናት ጠቅሶታል፤ ቀልድ መሰለሽ?"

ወንበር ስቦላት እየተረጎመ አነበበላት። ጥናቱ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተሠራ ነው። ሠራተኞች የሳል ችግር እንደሌለባቸው ገልጸዋል ይላል። ከዚያ አንዲት የሃያ ሦስት ዓመት የፈተላ ሠራተኛ የተናገረችውን እንዳለ አስፍሯል፦ "እኛ ጋ ሳል የሚባል የለም። ጥጥ ንጹሕ ነገር ነው። የተወለደ ሕፃን እንኳ ጥጥ ላይ ይተኛል፤ እኛን ምን ያደርገናል?"

ዛኪር ሳቀ። "ምኗ ጅል ናት በአላህ!"

ቦሰና አልሳቀችም። ያቺ ጅል እሷ ነበረች።

ያን ቀን አልረሳችውም። አንዲት ወጣት ሴት ወረቀት ይዛ እማሽኑ ድረስ መጥታ ጠየቀቻት። የያኔው አለቃ እጁን ኋላው አጣምሮ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። ከሳምንት በፊት ስለ ብናኙ ያማረረች አንዲት ሴት ተባርራለች። ቦሰና ፈራች፤ ፈርታም አልቀረች፣ አለቃውን ደስ እንዲለው የሕፃኑን ነገር ጨመረችበት። አለቃው ከት ብሎ ሳቀ። ኤልሳቤት ከጎኗ ቆማ ጠያቂዋ እስክትሄድ ድረስ ሻሿን አፏ ውስጥ ወትፋ ሳሏን ያዘች፤ ዓይኗ እንባ እስኪሞላ ድረስ። ከዚያ ሁለቱም ተሳሳቁ። ወጣት ነበሩ፤ ነገሩ እዚያው የሚቀር መስሏቸው ነበር።

ወረቀቱን አሳትማ መምህር ኢተፋ ዘንድ በረረች።

"መምህር፣ ይህቺ ሴት እኔ ነኝ! ዋሽቼ ነው፣ ፈርቼ ነው! ስልሳዎቹም እንደኔው ፈርተው ነው!"

መምህር ኢተፋ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው። መነጽሩን አወለቀ።

"አምንሻለሁ" አላት። "ግን እዚህ ላይ ስም የለም። አንቺ ለመሆንሽ ምን ማስረጃ አለሽ?"

ቦሰና ወረቀቱን ገለባበጠችው፤ ስሟ የትም የለም።

"ገምጋሚዎቹ ሁለት ነገር ነው የሚያዩት፤ ስልሳ መጠይቅና አንድ የታተመ ጥናት። ሁለቱም አንድ ቃል ነው የሚናገሩት። መረጃሽ 'የለም' እያለ አንቺ 'አለ' ብለሽ ከደመደምሽ ይጥሉሻል፤ እኔም ላድንሽ አልችልም።"

"ለሚቀጥለው ዓመት ባሸጋግረውስ?"

"መጠይቁን ማን ይሰበስብልሻል?"

ያው የሽፍት አለቃው ነው። ሌላ ማን አለ? ቦሰና ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ግድግዳውን ተደግፋ አለቀሰች፤ ለቅሶው ሲያልቅም የሚደረግ ነገር አልተገኘም። ከዚያ ሄዳ መደምደሚያውን እንደሚፈለገው ጻፈችው።

ጥናቷን በምትከላከልበት ቀን ተውሳ በለበሰችው ጥቁር ኮት ሦስት ገምጋሚዎች ፊት ቆመች። አንደኛው፣ ጠና ያሉ ሰው፣ ገጽ ሠላሳ አራትን ገልጠው "እስቲ የሠራተኛዋን ቃል ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢልን" አሏት። አነበበችው። ጥጥ ንጹሕ ነገር ነው እስከሚለው ደረሰች፣ ሕፃኑም ጋ ደረሰች፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፣ እሷንም የገረማት እሱ ነው። ሰውየው ፈገግ አሉ፤ ልክ እንደዚያን ጊዜው አለቃ። "በጣም ጥሩ። ብዙ ተማሪ ከፌስቡክ እየለቀመ ነው የሚያመጣልን። ያንቺ ምንጭ ግን አስተማማኝ ነው" አሉና አለፈች። መምህር ኢተፋ ቀና ብሎ አላያትም።

ቤት ስትደርስ ኤልሳቤት በሩ ጋ ድረስ መጥታ፣ መቃኑን ይዛ ቆማ አገኘቻት። ያን ያህል መንገድ ከመጣች ወር አልፏታል።

"አለፍሽ?"

"አለፍኩ።"

"እልልል..." ብላ ጀመረችና ሳሉ አቋረጣት። ቦሰና ደግፋ አልጋው ላይ እስክታስቀምጣት ድረስ አላቆመም። ትንፋሿ ሲመለስላት ክንዷን ያዘቻት።

"ስለ ሳሉስ? አመኑሽ?"

ቦሰና ኮቱን አውልቃ፣ እጅጌው ላይ የሌለ ብናኝ ስታራግፍ ቆየች።

"አመኑኝ" አለች። "ምንጭሽ አስተማማኝ ነው አሉኝ።"

ኤልሳቤት ፊቷ በራ። "ተመስገን ጌታዬ!" አለች። "አየሽ፣ አንድ ሰው ከጻፈው በቃ።"