እምቢ የሚል ማሽን ይዤ ወደ ድሬዳዋ

ከለገሃር እስከ ሁርሶ

ወገቤን እያመመኝ ነው የተነሣሁት፤ ይህን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ። የስልክ ቴክኒሻን ነኝ። መሥሪያ ቤቴ የአንድ የመንግሥት ንግድ ድርጅት የድሬዳዋ ቅርንጫፍን የስልክ መስመር የሚጠብቅ ሣጥን እንድተክል ላከኝ። ሣጥኑ ከስልክ ማዞሪያው ጋር ይያያዝና የትኛው ስልክ ወደ ሌላ ከተማ መደወል እንደሚችል፣ የትኛው እንደማይችል ይለያል። ክብደቱ የአንድ ጠቦት ያህል ነው። ለገሃር ስደርስ የመንገደኛው ባቡር ኦቶራዩ ተበላሽቷል ተባልን። በዕቃ ባቡሩ ላይ በተቀጠለ ፉርጎ፣ ሣጥኑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ከአንዲት ሽንኩርት ነጋዴና ከሁለት ዶሮዎቿ ጋር ተጓዝኩ።

አዋሽ ላይ በሁለት ብር ምሳ በላሁ፤ ሥጋው ጥርስ ይነቅላል። ሚኤሶ ላይ ፍተሻ ነበር። ወታደሩ ሣጥኑን አገላብጦ፣

«ሬዲዮ ነው?» አለኝ።

«ስልክ መዝጊያ ነው።»

«ስልክ የሚከፍትልን አጥተን ደግሞ መዝጊያ!» ብሎ ስቆ አሳለፈኝ።

ኤረር ላይ ብርቱካን ገዛሁ፤ የጉዞው ደስታ እሱ ብቻ ነበር። ሁርሶ ስንደርስ ከእኛው ጋር ታጭቀው የመጡ፣ ወደ ጦር ማሠልጠኛው የሚሄዱ ወጣቶች ወረዱ። ፉርጎው ውስጥ ቦታ ቢገኝም ማንም እግሩን አልዘረጋም።

ከዚራ፣ ጠዋት

ድሬ ጠዋትም ትፋጃለች። ካደርኩበት ሰፈር ጋሪ ይዤ ደቻቱን ወደ ከዚራ ተሻገርኩ፤ ወንዙ አሸዋ ብቻ ነው። ድርጅቱ በር ላይ፣ ከዘበኛው አጠገብ በርጩማ ላይ የተቀመጠች ሴት፣

«ና ውሃ ጠጣ አቦ፣ ፊትህ ነዷል» አለችኝ።

የድሬ ሰው «አንቱ» ብሎ አያቆምህም፤ እኔም ደስ አለኝ፣ ውሃውንም ጨለጥኩት። ዘበኛው ሹክ አለኝ። ሴትዮዋ የስልክ ኦፕሬተሯ አሰገደች ናት፤ ከሥራ ታግዳለች፣ ግን በየቀኑ እየመጣች በሩ ላይ እንድትቆይ ታዝዛለች።

ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ተሾመ ለስላሳ ሰው ናቸው። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ ሳምቡሳ በሻይ አስመጡልኝ፤ ከዚያ እያመነቱ ነገሩን ነገሩኝ። የስልክ ሂሳቡ ጣሪያ ነክቷል። የድርጅቱ ኮሚቴ ጓዶች አሰገደችን ጠርጥረዋል። ነገ ይሰበሰባሉ፤ ከኔ የሚፈልጉት «ጥሪውን ያስወጣችው ኦፕሬተሯ ናት» የሚል የባለሙያ ፊርማ ነው።

አሻጥር የሚለው ቃል አንዴ ስሟ ላይ ከተጻፈ መጨረሻዋ እስር ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

«ሳልፈትሽ አልፈርምም» አልኳቸው። እሳቸው መስኮት መስኮቱን ያያሉ።

ሥራው

የስልኮቹ መደወያ ላይ ሁሉ ትንንሽ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። የእጀታውን ማስቀመጫ በጣት መታ መታ አድርጎ ቁልፉን መሸወድ ግን ማንም የሚያውቀው ዘዴ ነው፤ ሣጥኑ ያስፈለገውም ለዚህ ነው። የሣጥን ሥራ ሕጉ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ሁሉንም ትዘጋለህ፣ ከዚያ የግድ የሆነውን ብቻ ትከፍታለህ። ሰው የሚያደርገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ሁሉን ከፍቶ ይቀመጥና ከተሰረቀ በኋላ አንድ በአንድ ሲዘጋ ይውላል። እኔ ሁሉንም ዘጋሁ። የሂሳብ ክፍሉንና የግዢ ክፍሉን ከፈትኩ።

«የእርስዎንስ?» አልኳቸው ጋሽ ተሾመን።

«ዝጋው።»

«የሥራ አስኪያጅ ስልክ?»

«ዝጋው ወንድሜ፣ በናትህ!»

ይዘጋብኝ ብሎ የለመነ አለቃ በዕድሜዬ አላጋጠመኝም። ዘጋሁት።

ቀትር ላይ ድሬ ትተኛለች። ሱቁ ተዘጋ፣ መንገዱ ጭር አለ። እኔም ከማዞሪያው ጀርባ ሲሚንቶው ላይ ተጋደምኩ። ዓይኔን ገና ስከድን የጋሽ ተሾመ በር ተንኳኳ። ጎረቤት ባለሱቋ ፋዱማ ናት፤ አሮጊት ሱማሌ።

«ተሾሜ፣ ጅጅጋ ልጄን ልደውልላት፤ ስልኩን ክፈትልኝ።»

ከኋላዋ ፀጉር አስተካካዩ፣ ከሱ ኋላ ልብስ ሰፊው ቆመዋል።

«ዋይ ፋዱማ፣ እኔማ ምን ገዶኝ!» አሉ ጋሽ ተሾመ። «ማሽን ገብቶ ተዘጋ። ያውልሽ የዘጋው፣ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው!»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ወላሂ አንተ፣ ምን በደልንህ?» አለችኝ ፋዱማ። የጋሽ ተሾመ ፊት ግን ሸክም እንደወረደለት ሰው ፈክቷል። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ።

እንግዶቹ ሲወጡ በሩን ዘጋሁት።

«ጥሪው የወጣው በእርስዎ ስልክ ነዋ!»

«አሰገደች ምሳ ስትሄድ መስመሩን ለእኔ አገናኝታ ነበር የምትሄደው» አሉ ቀስ ብለው። «ሰው ይመጣል። ጎረቤት ነው፣ እምቢ እንዴት ይባላል? ለፋዱማ ከፈቀድኩ ፀጉር አስተካካዩን ምን ብዬ ልመልሰው?»

«አሰገደች ስትታገድስ?»

«ጓዶቹ እሷ ናት ብለው ጀመሩ። እኔ... አፌ ተያዘ።»

ተናደድኩ። በሙቀቱም፣ በወገቤም፣ በሳቸውም ተናደድኩ። «ጋሽ ተሾመ፣ እምቢ የሚልልዎትን ማሽን ተሸክሜ አምጥቻለሁ። ‹እኔ ነኝ› የሚልልዎት ማሽን ግን አልተሠራም!» አልኳቸው።

ያየሁትን ጽፌ አቀረብኩላቸው። አንብበው ከኔ ስም በታች ፈረሙና ባዶ ራሳቸውን ፀሐዩ ላይ ወጡ። ተከተልኳቸው። አሰገደች ስታያቸው ከበርጩማዋ ተነሣች።

«አሰገደች፣ ሰዎቹን ያስደወልኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ ጋሼ» አለች። «ከምሳ ስመለስ ፋዱማ ስትወጣ በሩ ላይ እንገናኝ የለ?»

እኔ አላስችል አለኝ። «ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሰው ፊት ላዋርደው? አለቃዬ አይደል እንዴ፣ አቦ!» አለች። ቀጥላም፣ የገበያ ወሬ እንደሚያወራ ሰው፣ «ልጆቼን ለእህቴ ሰጥቻለሁ። ለነገ የምለብሰውን ሹራብም አውጥቻለሁ፤ እስር ቤት ሌሊት ይበርዳል ብለውኛል» አለች።

ጋሽ ተሾመ እሷ በተነሣችበት በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

መልስ

በማግስቱ ጓዶቹ ወረቀቱን አነበቡ። ጋሽ ተሾመ ሂሳቡ ከደመወዛቸው እንዲቆረጥ ተወሰነባቸው፤ አሰገደች ወደ ማዞሪያዋ ተመለሰች። አገናኝ ገመዶቹን በየቦታቸው ስትሰካ አይቼ ወደ ባቡሩ ሄድኩ።

በመልሱ ጉዞ ያለ ሣጥን ነበርኩ፣ ግን አልቀለለኝም። ይሉኝታ ጨዋነት ነው እያልን ነው ያደግነው። እዚያ ግን አንዱ እምቢ ማለት አፍሮ፣ ሌላዋ መናገር አፍራ፣ እናት ከልጆቿ ልትለይ ነበር። ከአሁን በኋላ የማልፈልገውን አልፈልግም እላለሁ ብዬ ከሚኤሶ እስከ ናዝሬት ለራሴ ስደግም መጣሁ።

ቢሮ በገባሁበት ጠዋት አለቃዬ አስጠሩኝ።

«ደህና ገባህ? ወገብህስ እንዴት ሆነልህ?» አሉኝ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው። «አሰብ አንድ ሥራ አለ። ሁሉም ሙቀቱን ፈርቶ ሸሸኝ። አንተ መቼም አታሳፍረኝም።»

እምቢ የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ደረሰች።

«መቼ ነው የምሄደው?» አልኩ።