ከአቃቂ አባ ሳሙኤል ደርሶ መልስ፣ በጋሽ ደምሴ እርምጃ

ንጋት 12 ሰዓት፣ ለገሃር

የታኅሣሥ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ሦስተኛ ማዕረግ ቲኬት ቆርጬ፣ ዶሮ በታቀፈች ሴትና በሁለት የፋብሪካ ሠራተኞች መካከል ተጣብቄ ተቀመጥኩ። እግሬ ላይ ከፒያሳ የገዛሁት አዲስ ቡናማ ጫማ አለ። ለእግር ጉዞ አዲስ ጫማ ማድረግ ሞኝነት መሆኑ አልጠፋኝም፤ ግን ዛሬ ከማን ጋር እንደምጓዝ አንባቢ ቢያውቅ ይፈርድልኛል።

የምጓዘው ከውድነሽ አባት ከጋሽ ደምሴ ጋር ነው። ውድነሽን ለማግባት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ፣ ሁለቱንም ጊዜ «ቆይተን እናያለን» ተብለው ተመለሱ። ባለፈው ሳምንት ግን ጋሽ ደምሴ ራሳቸው መልእክት ሰደዱ፦ «ሽማግሌዎቹ ይረፉ። ልጁ ራሱ ይምጣና የአባ ሳሙኤልን ግድብ ዞረን እንመለስ።» እንዲህ ያለ ወግ ሰምቼ አላውቅም። ሌሊቱን እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም።

1 ሰዓት ከሩብ፣ አቃቂ

ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሠላሳ ዓመት ሐዲድ ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ቀጭን፣ ካፖርታቸው ከጉልበታቸው የሚያልፍ ሰው ናቸው። ሰላምታ ሳንጨርስ ጫማዬን አዩ።

«ለሠርግ ነው የመጣኸው?»

«እሱንማ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት» አልኩ። አልሳቁም።

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡሩንባ ይጮኻል። የሌሊት ተረኞች ዐይናቸውን እያሹ ይወጣሉ፣ የቀን ተረኞች ይገባሉ። በር ላይ ከምትሸጥ ሴት በሃያ ሳንቲም ሁለት ትኩስ ዳቦ ገዛሁና መንገድ ጀመርን።

3 ሰዓት፣ ማሳው ውስጥ

ግራና ቀኝ ጤፍ እየታጨደ ነው። ጥቁሩ መሬት ተሰነጣጥቋል፤ በመሃል በመሃሉ አረንጓዴ ሽምብራ አለ። የጋሽ ደምሴ እርምጃ አጭርና እኩል ነው፣ ዳገትም ቢሆን ሜዳ አይለወጥም። እኔ ብርታቴን ላሳይ ብዬ ቀደም እላለሁ፣ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ ሲደርሱ እንደገና እቀድማለሁ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይሉኛል ብዬ መልስ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። ተረቱ ግን አልመጣም።

5 ሰዓት፣ ኮረብታው አናት

ነፋሱ ባርኔጣ ይነጥቃል። ከኋላችን የፋብሪካው ጭስና የአቃቂ ቆርቆሮ ጣሪያዎች፣ በምሥራቅ የረር፣ በምዕራብ ፉሪ ይታያሉ። ከፊታችን ደግሞ የግድቡ ውኃ ተንጣሎ ያብረቀርቃል፤ ዳክዬው ለቁጥር ያስቸግራል። ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ አገር ከቢሮዬ የአንድ ጠዋት መንገድ ላይ እንዳለ እስከ ዛሬ አለማወቄም አናደደኝ።

«ይኸው ደረስን!» ብዬ ቁልቁለቱን ሮጥኩት።

6 ሰዓት ተኩል፣ ውኃው ዳር

መንገዱ በዳርቻው ይዞራል። እኔ ግን ደረቅ በመሰለኝ መሬት አቋርጬ ልቀድም ስል እስከ ጉልበቴ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። ወጣሁ ስል ግራ ጫማዬ እዚያው ቀረ።

በቅርብ ሽምብራ የሚነቅሉ ኦቦ ቱሉ የሚባሉ ገበሬ የጋሽ ደምሴ ወዳጅ ኖረዋል። ሁለቱ አዛውንቶች ዱላ አቀብለው ጎትተው አወጡኝ። ጫማውንም ኦቦ ቱሉ በመንሽ ፈልገው አገኙት።

«የከተማ ሰው፣ የደረቀ ሁሉ መሬት ይመስለዋል» ብለው ሳቁብኝና አንድ እቅፍ እሸት ሽምብራ ሰጡን።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠን እሸቱን እየፈለፈልን ዳቦውን በላን። እኔ ነገሬ እዚህ ላይ አበቃ ብያለሁ። ያኔ ነው ጋሽ ደምሴ የተናገሩት።

«በመስቀል ሰሞን ከባቡር ስትወርዱ አይቻችኋለሁ። አንተ ፊት ፊት ትገሰግሳለህ፣ ልጄ ቅርጫት ተሸክማ ከኋላህ ትሮጣለች። ሽማግሌዎችህ ስለ ደመወዝህም ስለ ዘመዶችህም ነገሩኝ። ዞር ብለህ እንደምታይ ግን የነገረኝ የለም።»

ቅርጫቱ ትዝ አለኝ። ይዤላት እንኳ አልነበረም።

«አላስተዋልኩም፣ ጋሼ።»

«እኔስ ያልኩት እሱን አይደል?»

አፈርኩ።

10 ሰዓት፣ ሐዲዱ ላይ

የግድቡን ግንብ ተሻግረን፣ ማሳውን አቋርጠን ከሐዲዱ ጋር ተገናኘን። የማታው ባቡር እስኪመጣ ጊዜ አለ፤ በሐዲዱ መሃል ወደ አቃቂ እንሄዳለን። ከሥር የተጋደሙት ብረቶች ለእኔ እርምጃ አይመቹም፤ አንድ በአንድ ስረግጥ ያንሱኛል፣ አንዱን ስዘል ይበዙብኛል። ሁለቴ ተደናቀፍኩ። ጋሽ ደምሴ ግን ፊቴ ሆነው ሳያዩ ይረግጧቸዋል። የእርምጃቸው ነገር አሁን ገባኝ።

«ውድነሽ እጄን ይዛ መሄድ የተማረችው እዚህ ላይ ነው» አሉ።

ጠዋት ስቀድማቸው የዋልኩትን ሰው አሁን እከተላለሁ። እርምጃዬን አሳጠርኩ። እያደር ብረቱ ከእሳቸው እግርና ከእኔ እግር ሥር እኩል ይጮኽ ጀመር። ወደኋላ ሳይዞሩ ብዙ ከሄዱ በኋላ፣

«ለሽማግሌዎችህ ንገራቸው» አሉኝ። «እሑድ በባቡር ይምጡ። እኔው ጣቢያ ድረስ ወጥቼ እቀበላቸዋለሁ።»

«እሺ፣ ጋሼ» አልኩ። እንባዬን በጭቃማ እጅጌዬ ጠረግሁ።

11 ሰዓት፣ አቃቂ

ውድነሽ ጣቢያው በር ላይ ቆማለች። እስከ ጉልበቴ ያለውን ጭቃ አይታ አፏን ያዘች፤ አባቷን ለመጠየቅ ግን አልደፈረችም። በእጇ የነበረውን የገበያ ዘንቢል ተቀበልኳትና ወደ ቤታቸው መንገድ ጀመርን። ጋሽ ደምሴ ከኋላችን ናቸው።

ጥቂት ከሄድን በኋላ ቆም ብላ እግሬን አየች።

«ጫማው ነከሰህ እንዴ?» አለችኝ። «ዛሬ አልቀደምከኝም።»