የአጎቴ የዓርብ ምሳ

አጎቴ ኦማን አገር፣ ሩሰይል በሚባል ቦታ የአንድ መጋዘን ጥበቃ ነበሩ። ሐምሪያ ሰፈር ከጓደኞቻችን ጋር አብረን በምንኖርባት ክፍል፣ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ለሁላችንም ምስር፣ ዓሣና ጎመን ይሠሩልን ነበር። እኔ ሩዙን ብቻ ስበላ ዝም አይሉኝም።

«ሩዝ ብቻ ማፊ፣ አይሆንም! ከሁሉም ብላ፣ ልጄ።»

አንድ ቀን ተናደድኩ። «አጎቴ፣ ለምን እንደ ሕፃን ይቆጣጠሩኛል?» አልኳቸው።

ካልሲያቸውን አውልቀው አልድን ያለውን የእግራቸውን ቁስል አሳዩኝ።

«እዚህ አገር ስመጣ ለዓመታት በሩዝና በጣፋጭ ሻይ ብቻ ኖርኩ። ሐኪሙ ስኳር አለብህ ሲለኝ ረፍዶ ነበር። የሚመክረኝ አልነበረም፤ ለአንተ ግን እኔ አለሁልህ» አሉኝ።

ከረመዳን በኋላ አረፉ፤ አላህ ይዘንላቸው። በተከታዩ ዓርብ ምሳውን እኔ ሠራሁ። ጨው በዝቶበት ነበር፤ ጓደኞቻችን ግን ጨረሱት። እሳቸው ይቀመጡበት የነበረው ቦታ ላይ ማንም አልተቀመጠም።