ጉዳዩ፦ ስቲከር ስለማጥፋት

በሐረር የጋሼ ጌታነህ ማህተም ያላረፈበት ወረቀት ቢኖር ሰማይ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው፤ እሱንም ቢያገኙት ቁጥር ሰጥተው "ገቢ" ያደርጉት ነበር። ከሸዋ በር ወረድ ብሎ ባለው ትምህርት ቤት የሪከርድ ክፍል ሠራተኛ ናቸው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተናኘወርቅ ጨው አለቀ ሲሏቸው "በጽሑፍ ይቅረብ" ይላሉ ተብሎ ይታማሉ። እሳቸው ግን "አንድ ቀን ብቻ ነው ያልኩት" ብለው ይምላሉ።

በኅዳር አንድ ሰኞ የዘጠነኛ ክፍሏ ነፃነት በመስኮታቸው ብቅ አለች።

"ጋሼ፣ መልቀቂያ ይጻፉልኝ። ድሬዳዋ አክስቴ ጋ ልማር ነው።"

"ትምህርት ተጀምሮ? እሺ፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ አምጪ።"

"ፎቶማ አልነሳም!" እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

ስልኳን አሳየቻቸው። ሸዋ በር ላይ ከባጃጅ ስትወርድ አዳልጧት የቲማቲም ክምር ላይ ተዘርፍጣለች፤ አፏ እንደ ከተማዋ በር ወለል ብሏል። የክፍሏ ልጅ ኤርሚያስ ፎቶ አንስቶ ስቲከር ሠራትና የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቃት። ከዚያ ወዲህ "የቤት ሥራው ምን ነበር?" ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ነፃነት ከነቲማቲሟ ናት። "እንዴት አደራችሁ?" ሲባልም እሷው ናት።

ጋሼ ብዕር አነሱ፤ እጃቸው ግን መልቀቂያውን አልጽፍም አለ። "የግሩፑን ሊንክ ላኪልኝ" አሏት። "በስውር እገባለሁ።"

ስማቸውን "ቤዚ" አሉ፤ በፎቶው ቦታ ጽጌረዳ አበባ ለጠፉ። ከዚያም ጻፉ፦

"ለ9ኛ ቢ ተማሪዎች በሙሉ። ጉዳዩ፦ ስቲከር ስለማጥፋት። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ እኔ ተማሪ ቤዚ የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ ማሰራጨት ነውር መሆኑን እየገለጽኩ፣ ስቲከሩ በአስቸኳይ እንዲጠፋ አሳስባለሁ። ከሠላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለርዕሰ መምህር ቢሮ።"

"ኧረ አቦ! ጋሼ ጌታነህ ናቸው!" አለ አንዱ፣ ግልባጩ ተነቦ ሳያልቅ።

"ቤዚዬ፣ ማህተሙን ረሳሽው!" አለች ሌላዋ።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የጋሼ ስቲከር ተወለደ፤ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ፣ ክብ ማህተም ግንባራቸው ላይ። ከሰዓት ከከተማዋ ማዶ ኤረር በር ደረሰ። ባለ ባጃጁ ሙሳ ሂሳብ ሲቀበላቸው ዓይኑ ግንባራቸው ላይ ቀረ። "ምን ታያለህ?" ሲሉት "ምንም ጋሼ፣ ለቀቀ ወይ ብዬ ነው" አላቸው።

በማግስቱ ከመስኮታቸው ቀና ማለት አቃታቸው። ዝውውር ሊጠይቁ የማመልከቻ ቅጽ መሙላት ጀመሩ፤ "ጉርድ ፎቶ" የሚለው ላይ ሲደርሱ "ፎቶማ አልነሳም!" ብለው ብዕሩን ወረወሩት። ወዲያው የማን ቃል እንደሆነ ትዝ አላቸውና ስልካቸውን አነሱ። ጉዳዩ የለ፣ ግልባጭ የለ፣ ግሩፑ ላይ ጻፉ፦

"ጌታነህ ነኝ። ቤዚ ማለቴ ጥፋት ነው። ስቲከሩ ግን አስከፍቶኛል፤ ትናንት በጓሮ መንገድ ነው ቤቴ የገባሁት። ሽማግሌውን እንዲህ ካደረገው ልጅን ምን እንደሚያደርግ አስቡት።"

 ግሩፑ ላይ አንድ ቃል ተንፍሳ የማታውቀው ነፃነት ጻፈች፦ "ጋሼን ተዉአቸው። እኔንም ተዉኝ!"

"እውነቷን ነው" አለ አንዱ። "አጥፋው በቃ፣ ኤርሚያስ" አለች ያቺ ማህተም ፈላጊዋ።

ኤርሚያስ በነጋታው ጠዋት ቢሮ መጣ። "ጋሼ፣ ሁለቱንም አጥፍቻለሁ። ይቅርታ።"

"እሷንስ?"

"ይቅርታ ጠየቅኳት። ቲማቲም ልግዛልሽ ብላት 'አምጣና ፊትህ ላይ ላፍርጠው' አለችኝ።"

"መብቷ ነው" አሉ ጋሼ።

ከሰዓት ነፃነት ሁለት ጉርድ ፎቶ ይዛ መጣች። ሁለቱም ላይ አፏን ከፍታ ትስቃለች።

ጋሼ እጃቸውን ለፎቶው አልዘረጉም። "ለመልቀቂያው ነው?"

"ለመታወቂያ ነው ጋሼ። የዘንድሮው አልታደሰልኝም።"

"ጉርድ ፎቶ ላይ እኮ አይሳቅም!"

"መመሪያ ላይ ተጽፏል?"

ጋሼ መመሪያውን ከመሳቢያ አወጡ፤ ሳይገልጡ መልሰው ከተቱት። ማህተሙ አፏን እንዳይነካ ተጠንቅቀው ጥግ ላይ መቱላት።