የጳጉሜ ልጆች

ይታይሽ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለ ጤና ጣቢያ ክትባት መስጠት ከጀመረች ስምንት ዓመቷ ነው። እጇ ፈጣን ነው፤ ሕፃኑ ማልቀስ ሳይጀምር መርፌው ወጥቶ ያልቃል። ሰው ማስቀየም ላይ ግን ፈሪ ናት። ሻይ ቤት በስኳር ፋንታ ጨው ቢጨምሩላት እንኳ እስከ አተላው ጠጥታ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ፣ ከፍላ የምትወጣ ሴት ናት።

በስልኳ ላይ አንድ ነፃ ፕሮግራም አለ። የሕፃኑን የልደት ቀን ከነገሩት ቀጣዩን የክትባት ቀን ይቆጥራል፤ ቀኑ የደረሰውን ልጅ ስም ያወጣላታል፣ እሷም ለእናቱ ትደውላለች። የሠሩት ሰዎች ደመወዝ የላቸውም። በየከተማው ያሉ ፈቃደኞች ናቸው፤ ከሥራቸው ሲመለሱ ትንሽ ትንሽ እየጻፉ በቴሌግራም ይነጋገራሉ። የሚያስተባብራቸው ምስክር የሚባል የሐዋሳ የሒሳብ መምህር ነው፤ በአካል አይታው አታውቅም። አዲስ እትም አንዴ በሁለት ወር ይወጣል፣ ሌላ ጊዜ ዓመት ከመንፈቅ ይቆያል። «መቼ ነው?» ሲሉት ምስክር፣ «ሲደርስ» ይላል። በደቦ የመጣን ሰው ለምን ዘገየህ ይሉታል?

አሮጌው እትም ጳጉሜን አያውቅም ነበር፤ ጳጉሜ የተወለደውን ሁሉ መስከረም አንድ ያደርገዋል። ማስተካከያው ዓመት ሙሉ ተጠበቀ። በመጋቢት ምስክር ለሙከራ ላከላትና፣ «ሲስተር፣ አንቺ ደህና ነው ካልሽ እንለቀዋለን» አላት።

አንድ የጳጉሜ ልጅ አስገባች። ስሙ ከዝርዝሩ ጠፋ። ደግማ አስገባች፣ ደግሞ ጠፋ። እውነቱን ልትጽፍ ብላ አመነታች። ሰዎቹ በነፃ ለፍተዋል፤ ዓመት የጠበቀው ሕዝብ ደግሞ በእሷ ምክንያት ሌላ ዓመት ሊጠብቅ ነው። ምናልባት የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ደግሞም ከመልቀቃቸው በፊት ያዩታል አለች። ከዚያ «ሁሉም ጥሩ ነው፤ እግዜር ይስጥልን» ብላ ጻፈች። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

እትሙ በሚያዝያ ወጣ። ከግርጌው «ሞክራ ላረጋገጠችልን ለሲስተር ይታይሽ ምስጋና» ይላል። ይህን ለጤና ጣቢያው ዘበኛ ሳይቀር አሳየች። ከዚያ በሥራ ብዛት ነገሩን ረሳችው።

በሐምሌ መጀመሪያ ከጎረቤት ቀበሌ የኩፍኝ ወሬ መጣ። ያን ቀን ይታይሽ የወረቀቱን መዝገብ አውጥታ ያለፈውን ዓመት ጳጉሜ ገለጠች። ሰባት ልጆች። ሰባቱም በሰኔ ዘጠኝ ወር ሞልቷቸው የኩፍኝ ክትባት መውሰድ ነበረባቸው፤ ምልክት የሚደረግበት የሰባቱም ሣጥን ባዶ ነው። መዝገቡን እንደታቀፈች ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች።

ወደ ቴሌግራሙ ገብታ፣ «የጳጉሜ ልጆች አይታዩም፤ ማስተካከያው መቼ ይደርሳል?» ብላ ጠየቀች።

ምስክር መለሰ። «ያንን ክፍል የጻፈው ልጅ ፈተና ላይ ነው። ሦስት ሳምንትም ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ወርም። አንቺ ስትሞክሪው ደህና ነበር አይደል?»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው። ፊቷ ግን ጋለ፤ ብቻዋን ሆና እንኳ ሰው ያያት መሰላት።

ስድስቱን እናቶች በስልክ አገኘቻቸው፣ ልጆቹም ተከተቡ። የሰባተኛዋ የኢልሀም እናት የዓሊማ ስልክ ግን ዝግ ነው። በማግስቱ ይታይሽ የክትባቱን ሣጥን አንግታ ቁልቁል ወደ ቆላው ወረደች። ዝናቡ አላባራም፣ ጭቃው ጫማዋን ይነቅላል። ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ ነገር ብቻ ስትለምን ሄደች፤ ኢልሀም አልቅሳም ትቀበለኝ፣ ብቻ በጤናዋ ትጠብቀኝ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። የዓሊማ ቤት በር ላይ ወፍራም ብርድ ልብስ ተጋርዷል። ኩፍኝ የያዘውን ልጅ ብርሃን እንዳይጎዳው ቤት የሚያጨልሙት እንዲህ ነው። ይታይሽ ሣጥኑን ከትከሻዋ አውርዳ ተጣራች።

ዓሊማ ብርድ ልብሱን ገልጣ ወጣች። «ሲስተር! በዚህ ዝናብ? በደህና ነው? ኧረ ግቡ።»

«ኢልሀምስ?»

«ኢልሀም ጀርባዬ ላይ ናት። የታመመው ትልቁ ነው፣ ሙእሚን። ትናንት ሽፍታ ወጣበት።»

የኢልሀምን ግንባር ዳሰሰች፤ አይተኩስም። ዓይኗን አየች፣ አፏን አየች። ምንም የለም፤ ግን ከወንድሟ ጋር አንድ መኝታ ላይ ስታድር ሰንብታለች። ክትባቱ ይድረስላት አይድረስላት ማን ያውቃል? ፈጣኑ እጇ ዛሬ ዘገየ፤ መርፌውን አስቀምጣ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን እንደገና አነበበች። ከዚያ ወጋቻት። ለሙእሚንም መድኃኒት ሰጠችው።

«በሰኔ ቀጠሮ እንዳላችሁ አላወቅሽም?» አለቻት በመጨረሻ።

«ካርዱ ላይ አለ፤ አስነብቤዋለሁ» አለች ዓሊማ። «ሌላ ጊዜ ትደውሉልኝ ነበር። ዝም ስትሉ ጊዜ ሥራ በዝቶባቸው ነው፣ ሳልጠራ ሄጄ ላስቸግር ወይ ብዬ ቀረሁ።»

ይታይሽ ራሷን በሌላ ሴት አፍ ሰማችው። «ሥራ አልበዛብኝም» አለች። «ስልኩ የጳጉሜን ልጅ ከዝርዝር እንደሚጥል አይቼ ነበር። ማስቀየም ፈርቼ ጥሩ ነው አልኩ።»

ዓሊማ ሕፃኗን ከጀርባዋ ወደ ደረቷ አዞረቻት። «ካልታመመች አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ» አለች። ከታመመች ምን እንደምትል አልተናገረችም።

ይታይሽ ከሰዓት በኋላ ኔትወርክ የሚይዝበት ኮረብታ ላይ ስትደርስ፣ ቆማ ጻፈች። «በመጋቢት ዋሽቻችኋለሁ። ስሞክረው አልሠራም ነበር።» ላከችውና ስልኩን ሳታይ ኪሷ ከተተችው።

ኩፍኝ ኢልሀምን ይዟት ከሆነ እስከዚያ ይወጣባታልና፣ ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ጠበቀች። ስልክ በጮኸ ቁጥር ትደነግጣለች። እህል አልበላ አላት። በአሥራ አራተኛው ቀን የዓሊማ ስም ስክሪኑ ላይ መጣ፤ ይታይሽ ጥሪው ሊቋረጥ ሲል ነው ያነሣችው።

«አብሽሩ» አለች ዓሊማ። «ምንም አልወጣባትም። ሙእሚንም ተነሥቷል።»

አዲሱ እትም ማንም ሳይጠብቀው በጳጉሜ አንድ ለሙከራ መጣ። ይታይሽ የኢልሀምን ልደት አስገባች፣ ጳጉሜ አራት። ስሟ ወጣ። ደስ አላት፤ ሆኖም አልቆመችም። ጳጉሜ ስድስት ቀን የሆነችበትን ዓመት ፈልጋ፣ በስድስተኛው ቀን የተወለደ ልጅ አስገብታ ሞከረች። ስሙ ጠፋ። ቴሌግራሙ ላይ ሰዉ ሁሉ «ይለቀቅ እንጂ» እያለ ነው። ያው የድሮው ፍርሃት መጥቶ ጣቷን ያዘው። ኢልሀምን አሰበችና ጻፈች።

«በጳጉሜ ስድስት አይሠራም። እንዳትለቁት።»

ምስክር ትንሽ ቆይቶ መለሰ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሲስተር። እንቆያለን።»

እስከ መቼ እንደሆነ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም።