ለሕመም ብቻ የሚባለው ቃል

አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ ቤት ከምቀመጥ ብዬ አየር ጤና ከአንድ ጋራዥ በላይ ባለች ክፍል እንግሊዝኛ መማር ጀመርኩ። አስተማሪያችን «ቬሪ ባድ» የሚል ተማሪ አይወድም። «የሕፃን አፍ ነው» ይላል። ከታች ቆርቆሮ ይቀጠቀጣል፣ እሱ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ እኛ እንገለብጣለን። ቴሪብል። ሆሪብል። ኦውፉል። ድሬድፉል። አፖሊንግ። ሃያ ሁለት ናቸው። ሁሉም መጥፎ ማለት ነው፤ ግን አንዱ በአንዱ ቦታ አይገባም። ኦውፉል ለምግብም ለአየርም ይሆናል። አፖሊንግ የሚያየውን ሰው የሚያሰቅቅ ነው። ኤክስክሩሺዬቲንግ ደግሞ ለማይቻል ሕመም ብቻ ነው። «ይቺን በሆነ ባልሆነው እንዳታባክኗት» አለን።

ወደድኳቸው። ለምን እንደሆነም አውቃለሁ። እኛ ቤት ክፉ ነገር በስሙ አይጠራም። ጴንጤ ቤት ያደገ ያውቀዋል፤ ጉንፋን ይዞሽ «አሞኛል» ብትይ «በአፍሽ አትቀበይው» ትባያለሽ። ሥራ አጣሁ አይባልም፣ «ጌታ እያዘጋጀ ነው» ይባላል። በአማርኛ የተከለከልኩትን በእንግሊዝኛ ማለት ጀመርኩ። ልብስ እያጠብኩ ጮክ ብዬ «ማይ ላይፍ ኢዝ ድሬድፉል» እላለሁ። እናቴ ከውስጥ «አሜን» ትላለች። የጸለይኩ ይመስላታል።

ባለፈው ዓመት ቀኝ ጎኗን ማመም ጀመራት። ድንች እየላጠች ድንገት ቢላዋውን ታስቀምጥና ግድግዳውን ትይዛለች። ምን ሆንሽ ስላት «ምንም፣ ደክሞኝ ነው»። ጤና ጣቢያ ጨጓራ ነው ብለው የሚዋጥ ሰጧት። ከዚያ አንድ እሑድ መድረክ ላይ ወጥታ መሰከረች። «ሕመሜ ሄዷል፣ ተፈውሻለሁ» አለች፣ ጉባኤው እልል አለ። እኔ ከኋላ ሆኜ እጇን ነበር የማየው። በግራዋ ማይክ ይዛለች፣ በቀኟ ጎኗን።

ከሁለት ወር በኋላ ቀራንዮ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ የውጭ ሐኪሞች ለሦስት ቀን ድንኳን ተከሉ። እንግሊዝኛ የምትችሉ አስተርጉሙ ሲባል ቀድሜ እጄን አወጣሁ። አሠራሩ ቀላል ነው። ሐኪሟ ትጠይቃለች፣ በሽተኛው ይናገራል፣ እኔ አደርሳለሁ። ሐኪሟ ቀላል ነው ካለች መድኃኒት በላስቲክ ይሰጣል። ከባድ ነው ካለች ቀይ ካርድ ትጽፋለች፣ ቀይ ካርድ የያዘ ትልቅ ሆስፒታል ሄዶ በነፃ ይመረመራል። እጄን ያወጣሁት ለእናቴ ያቺን ካርድ ላስይዝ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ጠዋት አንድ የጎጃም ሽማግሌ ገቡ፣ አንገታቸው ላይ ማተብ።

«አባባ፣ እዚህ የጴንጤ ግቢ ምን እግር ጣለዎት?» አልኳቸው ለጨዋታ።

«ሐኪሟን ብዬ ነው። መዝሙራችሁንማ በድምፅ ማጉያ እቤቴ ድረስ ትልኩልኝ የለ።» ከዚያ ሆዳቸውን ያዙ። «ንገሪልኝ ልጄ። እሳት ነው። ቢላዋ ነው። አጋድሞ እያረደኝ ነው በያት።»

እሳቱንም ቢላዋውንም ትቼ አንድ ቃል ብቻ አልኩ። ኤክስክሩሺዬቲንግ። ሐኪሟ ብዕሯን አቁማ ቀና ብላ አየቻቸው። ሆዳቸውን ነካካችና ቀይ ካርድ ጻፈች። ሽማግሌው መርቀውኝ ወጡ። ቃሉ ይሠራል አልኩ በልቤ፤ ከዚያ በኋላ እናቴን መጠበቅ ብቻ ሆነ ሥራዬ።

ከሰዓት ገባች፣ ቫይታሚን ይሰጣሉ ብዬ ለምኛት። ሻሿን አስተካክላ አስራ፣ ፈገግ ብላ። ሰልፉን የሚያስተናግዱት የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ከኋላዋ ቆሙ። የዚያን እሑድ ማይኩን የሰጧት እሳቸው ናቸው።

ሐኪሟ ሕመሟ እንዴት ነው አለችኝ።

«እማዬ፣ ሕመምሽ እንዴት ነው ትላለች። እውነቱን ንገሪያት።»

«እግዚአብሔር ይመስገን በያት።»

«እሱን አልጠየቀችሽም።»

«ተፈውሻለሁ በያት። ቫይታሚን ካላት ትስጠኝ።»

«ትናንት እኮ ከወንበር መነሳት አቅቶሽ...»

«እምነቷን አትንኪባት እንጂ፣ እህቴ» አሉኝ ሽማግሌው በቀስታ። ክፉ ሰው አይደሉም። ከልባቸው ነው።

እናቴ እጄን ያዘች። መዳፏ በላብ ርሷል። «ያልኩሽን ብቻ በይ። በጉባኤ ፊት ተናግሬያለሁ። ውሸታም አታድርጊኝ።»

ድንኳኑ ውስጥ እንግሊዝኛ የምናውቀው እኔና ሐኪሟ ብቻ ነበርን። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ብናገረው ማንም አያውቅብኝም። እኔ ደግሞ አፌን የምይዝ ሰው አይደለሁም፤ ለታክሲ ረዳትም ለጎረቤትም መልስ አላጣም። እጇ ግን እጄን አልለቀቀም።

«ሺ ኢዝ ፋይን» አልኩ። በእንግሊዝኛው ትንሽ ብቻ ነው የሚያማት ብዬ ጨመርኩ።

ሐኪሟ አላመነችም መሰለኝ፣ ጎኗን ጫን አደረገችው። እናቴ ዓይኗን እንኳ አልጨፈነችም። ቫይታሚኗን በላስቲክ ይዛ ወጣች፣ ሽማግሌው «ሃሌሉያ» ብለው ቀጣዩን ጠሩ። እኔም ቀጣዩን አስተረጎምኩ።

ከወራት በኋላ በራሳችን ወጪ ሆስፒታል ስንሄድ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ ይዞ አየው። ጉበቷ ነው አለ። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» አለና ተወው። የውጮቹ ሐኪሞች ዳግመኛ አልመጡም። ትምህርቱንም ትቼዋለሁ።

የነገርኳት አንዲት ጓደኛዬ «አስተርጓሚ የሰማውን ነው የሚለው፣ ራስሽን አትውቀሺ» ትለኛለች። እኔ ግን ለጎጃሙ ሽማግሌ የሰማሁትን አይደለም ያልኩት። እሳት ሲሉኝ ሌላ ቃል መርጬ ነው የሰጠሁላቸው። ለማላውቀው ሰው መረጥኩ፣ ለእናቴ አልመረጥኩም። ይሄንን በየትኛውም ቋንቋ ላስተካክለው አልችልም።

ባለፈው ሳምንት ምሳ ሰዓት ላይ ሾርባ አቀረብኩላት። ማንኪያውን ሳትነካ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አመመኝ» አለች።

ይቺን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

«እንዴት ነው የሚያምሽ፣ እማዬ?»

«እንጃ። በጣም።»

ሳህኑን እንደያዝኩ ቆምኩ። ክፍሉ ውስጥ ያለነው ሁለታችን ብቻ ነን፤ ያለችኝን የማደርስለት ሰው የለም።